የብረት ድልድይ ቀሪ ዕድሜ፦ ስንጥቁን ማን ያየዋል?

በአሜሪካ ሜምፊስ ከተማ ላይ የሚሲሲፒን ወንዝ የሚሻገረው የሄርናንዶ ዴ ሶቶ ድልድይ ለትራፊክ የተከፈተው በ1973 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሜይ 11 ቀን 2021 ለፍተሻ የወጡ ባለሙያዎች በድልድዩ ጎን የሚሄደውን ትልቅ የሣጥን ብረት ሲያዩ ተሰንጥቆ፣ ለሁለት ሊከፈል ጥቂት ቀርቶት አገኙት። ወደ አደጋ ጊዜ ስልክ 911 ደውለው መኪናውን ሁሉ አሁኑኑ ከድልድዩ ላይ አስወጡ አሉ። በቀን ከ40 ሺህ በላይ ተሽከርካሪ የሚያልፍበት መንገድ በዚያው ቀን ተዘጋ። ከስር በወንዙ ላይ የሚሄዱት የጭነት ጀልባዎችም ለቀናት ቆሙ።

ያ ብረት ለድልድዩ የደጋን ጅማት ማለት ነው። ከላይ ያለው ቅስት እግሮቹ ወደ ውጭ እንዳይንሸራተቱ ግራና ቀኝ ወጥሮ የያዛቸው እሱ ነው። ጅማቱ ቢበጠስ ደጋኑ ይዘረጋል፤ ድልድይ ሲዘረጋ ደግሞ የሚያርፈው ወንዝ ውስጥ ነው።

ነገሩ ይበልጥ የሚያስደነግጠው ከዚያ በኋላ ነው። ፎቶና ቪዲዮ ሲገለበጥ፣ ያው ስንጥቅ በ2019 በድሮን በተነሳ የፍተሻ ቪዲዮ ላይ ቁልጭ ብሎ ታየ። ወደ ኋላ ሲኬድ ደግሞ በ2016 አንድ ሰው ከታች በታንኳ ሲያልፍ ባነሳው ፎቶ ላይም አለ። ቢያንስ አምስት ዓመት ሙሉ ስንጥቁ በጠራራ ፀሐይ ተዘርግቶ ነበር። ፍተሻውን ይመራ የነበረው የአርካንሳስ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ስንጥቁን ሳያይ ያለፈውን ሠራተኛ አሰናበተ። በሰውየው ብቻ ማላከክ ግን ለእኔ አይዋጥልኝም።

ስለ አሮጌ የብረት ድልድዮች ሲወራ ጥያቄው ሁልጊዜ «ስንት ዓመት ቀረው?» የሚል ነው። ፖለቲከኛውም ጋዜጠኛውም የሚፈልገው አንድ ቁጥር ነው። መሐንዲሶችም ቁጥሩን ያሰላሉ፤ ስሌቱም የከበደ አይደለም። ዋናው ችግር ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ አለመግባባታችን ነው።

በልጅነቱ የሽቦ መኪና የሠራ ሰው ፒንሳ ሲያጣ ሽቦ እንዴት እንደሚቆርጥ ያውቃል፤ እዚያው ቦታ ላይ ወዲህና ወዲያ ያጥፈዋል፣ የታጠፈበት ይሞቃል፣ ከዚያ ቀጭ ይላል። በአንድ ጊዜ ጎትቶ ሊበጥሰው የማይችለውን ሽቦ በመመላለስ ይበጥሰዋል። የብረት ድካም፣ ባለሙያዎቹ ፋቲግ የሚሉት፣ መሠረቱ ይኸው ነው። ምሳሌው ግን በአንድ በኩል ያሳስታል። ሽቦው ሲታጠፍ ታጥፎ ይቀራል፤ ዓይን ያየዋል። የድልድይ ብረት የጭነት መኪና ሲያልፍበት የሚሳበው በጣም ጥቂት ነው፤ መኪናው እንዳለፈ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ምንም የሆነ አይመስልም። አንድ ሚሊዮን ጊዜ ቢደገምም ምንም አይመስልም። ለውጡ ያለው ከአንድ ነጥብ፣ ብዙውን ጊዜ ከብየዳ ጫፍ፣ ስር ነው። እዚያ ጉልበቱ ይከማቻል፤ የፀጉር ውፍረት የማታክል ስንጥቅ ትጀምርና እያንዳንዱ መኪና ትንሽ ትንሽ ይገፋታል። መጀመሪያ ላይ ለዓመታት የምትሄደው በዝግታ ነው። ከተወሰነ ርዝመት በኋላ ግን ፍጥነቷ እየጨመረ ይሄዳል፤ ቀኑ ብርድ ከሆነ ብረቱ እንደ ብርጭቆ በአንድ ጊዜ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ይህን ነገር ሰዎች ያወቁት ከድልድይ በፊት ከባቡር ነው። በ1842 ፈረንሳይ ውስጥ ቬርሳይ አጠገብ የአንድ ባቡር አክስል (መንኮራኩሮቹ የሚዞሩበት ዘንግ) ተሰብሮ ከ50 በላይ ሰው አለቀ። አክስሉ ለጭነቱ የሚበቃ ነበር፤ ግን በዞረ ቁጥር ይታጠፋል፣ ይዘረጋል። የፕሩሲያው የባቡር መሐንዲስ አውጉስት ቮለር በ1850ዎቹና 60ዎቹ አክስሎችን በማሽን እያዞረ ፈትኖ ዛሬም የምንጠቀምበትን ሐሳብ አስቀመጠ፤ ወሳኙ በብረቱ ላይ ያረፈው ትልቁ ጭነት ብቻ ሳይሆን ውጥረቱ ከፍ ዝቅ የሚልበት ልክና የድግግሞሹ ብዛት ነው።

ከዚህ የሚወጣው ሕግ በሦስተኛ ደረጃ ይባዛል፤ ማለትም ጉዳቱ የሚያድገው ውጥረቱ ሦስት ጊዜ እርስ በርሱ ሲባዛ በሚሰጠው ልክ ነው። ውጥረቱ እጥፍ ሲሆን የብረቱ ዕድሜ በግማሽ ሳይሆን ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። ከተፈቀደለት 30 በመቶ ጨምሮ የጫነ ሲኖትራክ በብየዳው ላይ የሚያደርሰው ጉዳት በልኩ ከጫኑ ሁለት መኪኖች ይበልጣል። በግርድፉ ካሰላነው፣ 40 ቶን የሚመዝን ተሳቢ አንድ ቶን ተኩል የምትመዝን የቤት መኪና 19 ሺህ ጊዜ ብትመላለስ የምታደርሰውን ያህል ያደክማል። እንዲያውም የቤት መኪናዋ ስንጥቁን ጨርሶ ላታንቀሳቅሰው ትችላለች። ስለዚህ የብረት ድልድይ ዕድሜ በዓመት መቆጠሩ ራሱ አሳሳች ነው። ድልድይ የሚያረጀው በጭነት መኪና ነው። በቀን አሥር ከባድ መኪና የሚያልፍበት የ80 ዓመት ድልድይ፣ በቀን አምስት ሺህ ከሚያልፍበት የ30 ዓመት ድልድይ ይልቅ ገና ልጅ ሊሆን ይችላል፤ ዝገት ካልቀደመው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚገረምበት አንድ ነገር አለ። ሪቬት የተመቱት፣ ማለትም ብረታቸው በብየዳ ሳይሆን በተቀጠቀጠ የብረት ችንካር የተያያዘው የአያቶቻችን ዘመን ድልድዮች፣ በ1950ዎቹና 60ዎቹ በብየዳ ከተሠሩት አንዳንዶቹ ይልቅ ድካምን ይችላሉ። ምክንያቱ ቀላል ነው። የሪቬት ድልድይ የተሠራው ከብዙ ላሜራ ተደራርቦ ስለሆነ አንዱ ሲሰነጠቅ ስንጥቁ የላሜራው ጠርዝ ላይ ሲደርስ ይቆማል፤ ወደ ሁለተኛው የሚሻገርበት መንገድ የለውም። ብየዳ ግን ሁሉንም አንድ ያደርጋል። ስንጥቁም አንድ ከሆነው ብረት ውስጥ እንደ ልቡ ይሄዳል። በዚያ ላይ የብየዳው ሙቀት ሲቀዘቅዝ በውስጡ ተወጥሮ የሚቀር ጉልበት አለ፤ መኪና ሳይመጣ ገና ብረቱ በራሱ ተወጥሯል።

ዘመኑም የራሱን ነገር ጨመረ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አሜሪካም አውሮፓም አውራ ጎዳና በገፍ ሲሠሩ ብየዳ አዲስና ርካሽ ነበር፤ ስለ ድካሙ የሚታወቀው ግን ጥቂት ነበር። ኮነቲከት ውስጥ በ1958 የተከፈተ የሎው ሚል ፖንድ የሚባል ድልድይ በ12 ዓመቱ ስንጥቅ ተገኘበት። ቦታው ተሸካሚውን ለማጠንከር ከስሩ የተደረበው ላሜራ የሚያልቅበት የብየዳ ጫፍ ነው። ለማጠንከር የተጨመረው ላሜራ ድክመቱን ይዞ መጣ ማለት ነው። የሊሃይ ዩኒቨርሲቲው ጆን ፊሸርና ባልደረቦቹ በ1960ዎቹና 70ዎቹ ብዙ ተሸካሚዎችን በላቦራቶሪ እያደከሙ ሰብረው፣ የአሜሪካ ደንብ ዛሬ የሚከተለውን ደረጃ አወጡ፤ ብየዳ የሌለበት ልሙጥ ብረት «ኤ» (A) ይባላል፣ እየከፋ ሲሄድ እስከ «ኢ» (E) እና ከዚያም በታች ይወርዳል። የተደረበው ላሜራ ጫፍ «ኢ» ነው። ከዚህ ጥናት የወጣው ሌላው እውነት ብዙ ባለሥልጣን ሲሰማ አያምንም፤ ጠንካራና ውድ ብረት መግዛት የብየዳን ድካም አይቀንስም። የብየዳው ጫፍ ብረቱ ርካሽ ይሁን ውድ አያውቅም።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ። «ኢ» ደረጃ ያለው አንድ ጫፍ አለን እንበል፤ በቀን አንድ ሺህ ከባድ መኪና ያልፍበታል። መሐንዲሱ በወረቀት ሲያሰላ እያንዳንዱ መኪና በአማካይ 30 ሜጋፓስካል (የውጥረት መለኪያ ነው) የውጥረት ልዩነት ይፈጥራል። በፊሸር ሠንጠረዥ መሠረት ብረቱ 13 ሚሊዮን ያህል ድግግሞሽ ይችላል፤ ወደ 36 ዓመት ነው። ድልድዩ 50 ዓመት ከሆነው «ቀሪ ዕድሜው» ከዜሮ በታች 14 ነው። በወረቀት ሞቷል፤ መኪናው ግን እየተሻገረበት ነው።

ከዚያ አንዱ ተነስቶ ብረቱ ላይ ስትሬን ጌጅ ይለጥፋል፤ የቴምብር ግማሽ የምታክል፣ ብረቱ ሲሳብ አብራ የምትሳብ ስስ ነገር ናት። ለጥቂት ሳምንታት እውነተኛውን ትራፊክ ይመዘግባል። ውጤቱ 24 ሜጋፓስካል ሆኖ ይመጣል፤ የኮንክሪቱ ወለል በስሌቱ ውስጥ ያልገባ ጭነት ተሸክሞ ነበርና። ይህ በተግባር ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም ነው። ስድስት ሜጋፓስካል ብቻ ቀነሰ። በሦስተኛ ደረጃ ሲባዛ ግን ዕድሜው ከ36 ወደ 71 ዓመት ዘለለ። ያው ድልድይ፣ ያው ብረት፣ ያው መኪና። ትናንት የሞተ፣ ዛሬ 21 ዓመት የቀረው።

ሠንጠረዡም ራሱ ሆን ተብሎ ወደ ጥንቃቄ ያደላ ነው። በላቦራቶሪ አንድ ዓይነት ብየዳ ያላቸው ተሸካሚዎች አንዱ ከሌላው ብዙ እጥፍ ቆይቶ ሊሰበር ይችላል፤ ደንቡ የሚወስደው ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚያልፉትን ዝቅተኛውን መስመር ነው። ስለዚህ «ቀሪ ዕድሜ ዜሮ» ሲባል ድልድዩ ነገ ይወድቃል ማለት አይደለም። ከእንግዲህ ስንጥቅ ቢገኝ አትደነቁ፣ ቶሎ ቶሎ እዩት ማለት ነው። እኔ ቁጥሩን የማነበው እንደ ፍተሻ የቀን መቁጠሪያ ነው።

ይህ ሁሉ ደግሞ የሚሠራው ስንጥቁ የሚታይ ከሆነ ነው። ዲሴምበር 15 ቀን 1967 ዌስት ቨርጂኒያንና ኦሃዮን ያገናኝ የነበረው ሲልቨር ብሪጅ የማታ የሥራ መውጫ ሰዓት ላይ በመኪና እንደተሞላ ወደቀ፤ 46 ሰው ሞተ። ድልድዩ የተንጠለጠለው እንደ ሰንሰለት በተቀጣጠሉ፣ ጫፋቸው ቀዳዳ ባለው ጠፍጣፋ ብረቶች ነበር። ከእነዚህ በአንዱ ቀዳዳ ውስጠኛ ጠርዝ ላይ 2.5 ሚሊሜትር ያህል ጥልቀት ያላት ስንጥቅ ነበረች። ሁለት ሚሊሜትር ተኩል! ዝገትና ውጥረት ለ40 ዓመት ገደማ ሲቦረቡሯት ኖሩ። በእያንዳንዱ ቅጥያ ላይ የተጣመሩት ሁለት ብረቶች ብቻ ስለነበሩ አንዱ ሲሄድ ሁለተኛው ብቻውን ሊሸከም አልቻለም። ስንጥቋ ያለችው መጋጠሚያው ውስጥ ስለሆነ ድልድዩ ካልተፈታ በቀር የዚያ ዘመን ምንም ፍተሻ አያገኛትም ነበር። አሜሪካ ሁሉም ድልድይ በመደበኛነት እንዲፈተሽ ሕግ ያወጣችው ከዚህ አደጋ በኋላ ነው፤ የተለመደው የሁለት ዓመት ቀጠሮም የመጣው ከዚያ ነው።

ሜምፊስ ላይ የሚታይ ነገር ሳይታይ ቀረ፤ ሲልቨር ብሪጅ ላይ የማይታይ ነበር። ሚኒያፖሊስ ከሁለቱም ይለያል። ኦገስት 1 ቀን 2007 የአይ-35 ደብሊው አውራ ጎዳና ድልድይ ሚሲሲፒ ውስጥ ገብቶ 13 ሰው ሲገድል መጀመሪያ የተጠረጠረው ድካም ነው። መጠርጠሩ ልክ ነበር፤ ድልድዩ ለድካም የተጋለጡ ክፍሎች እንዳሉት ስለሚታወቅ ዓመታት ተጠንቷል። የወደቀው ግን በሌላ ነገር ነው። ብረቶቹን አንድ ላይ የሚያስሩት ላሜራዎች ከ1960ዎቹ ንድፍ ጀምሮ መሆን ከሚገባቸው በግማሽ ያህል ስስ ነበሩ፤ 13 ሚሊሜትር ገደማ። በዚያ ቀን ለጥገና ሥራ 260 ቶን ያህል አሸዋ፣ ጠጠርና ማሽን በአንድ አካባቢ ተከምሮባቸው ነበር። ላሜራዎቹ ጎብጠው የሚታዩበት ፎቶ ደግሞ ከአራት ዓመት በፊት፣ በ2003፣ ተነስቷል። ፎቶው የተነሳው ለፍተሻ ነው። ሁሉም የሚፈልገው ስንጥቅ ስለነበር መጉበጡን ያስተዋለ አልነበረም።

ስለዚህ ነው የሜምፊሱን ሠራተኛ ብቻ መውቀስ የማይዋጥልኝ። ሰው የሚያየው እንዲያይ የተነገረውን ነው፤ የተሰጠውም ሰዓት የተቆጠረ ነው። የሜምፊሱ ስንጥቅ መነሻ በኋላ ሲጠና ብረቱ ገና ፋብሪካ ሳለ የተበየደበት ጊዜ ላይ ያደረ ጉድለት ሆኖ ተገኘ። ማለትም ድልድዩ ከመከፈቱ በፊት የነበረ ነገር ነው፤ በስንቱ ፍተሻ ስር አለፈ።

አውሮፓም ከዚህ አላመለጠም። ስኮትላንድ ውስጥ በ1964 የተከፈተው የፎርዝ መንገድ ድልድይ ዲሴምበር 2015 ላይ ለጊዜው ሙሉ በሙሉ ተዘጋ። ምክንያቱ ትንሽ የሚመስል ነው፤ መዞር የሚገባው አንድ ፒን ዝጎ ተጣበቀ። ፒኑ ሲዞር ብረቱ የሚሸከመው መሳብን ብቻ ነው፤ ሲጣበቅ ግን እያንዳንዱ ከባድ መኪና ያጥፈዋል። ለመታጠፍ ያልተሠራ ብረት ተሰነጠቀ። ጀርመን ውስጥ ሌቨርኩዘን ላይ የራይንን ወንዝ ይሻገር የነበረው አሮጌ ድልድይ ከ2014 ጀምሮ ከ3.5 ቶን በላይ ለሆኑ መኪኖች ተዘግቶ፣ እምቢ ያሉ ሹፌሮችን የሚያቆም ማገጃ ተተከለለት፤ በብየዳው ላይ ስንጥቅ በስንጥቅ ሆኖ ነበር። ሲነደፍ በ1960ዎቹ የነበረውን ጭነት እንጂ የዛሬውን ተሳቢ ማን ያስብ ነበር? አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ከ620 ሺህ በላይ ድልድዮች ወደ 42 ሺህ የሚሆኑት «ደካማ» ተብለው ተመዝግበዋል። ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲና ኡበር የሚነዱ የእኛ ሰዎች የሩዝቬልት ድልድይን ያስታውሱታል፤ ፌብሩዋሪ 2022 ላይ ተሸካሚ ብረቶቹ ተጎድተው ሦስቱ የመሃል ረድፎች ተዘጉ፣ ከ10 ቶን በላይ ያለው ሁሉ ተከለከለ። እዚያ ጥፋተኛው በዋናነት ዝገት ነው፤ ብረቱን የሚያሳሳው ዝገትና የሚያደክመው ጭነት ግን ተለያይተው አይሠሩም።

አገራችን ያሉት ትልልቅ ድልድዮች አብዛኞቹ ኮንክሪት ስለሆኑ ይህ ጉዳይ ሩቅ ይመስላል። ግን ጎርፍ ወይም ጦርነት ድልድይ በወሰደ ቁጥር የሚመጣው ተገጣጣሚው የብረት ድልድይ፣ ቤይሊ የሚባለው ነው። ቤይሊ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዛዊው ዶናልድ ቤይሊ ለወታደር የነደፈው ነው። አንዱ ፓኔል ሦስት ሜትር ያህል ይረዝማል፣ 260 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ስድስት ሰው ተሸክሞ በፒን ይገጥመዋል። ድንቅ ሐሳብ ነው። የታሰበው ግን ሠራዊት እስኪያልፍ እንጂ ሠላሳ ዓመት ሲሚንቶ፣ ማዳበሪያና ነዳጅ እንዲያሻግር አልነበረም። እኛ ዘንድ «ጊዜያዊ» የሚለው ቃል ረጅም ዕድሜ አለው።

የቤይሊ ችግር በስሌቱ ላይ ይጎላል። ፓኔሉ ሙሉ በሙሉ ብየዳ ነው። ከአንድ ወንዝ ይፈታል፣ መጋዘን ይገባል፣ ሌላ ወንዝ ላይ ይገጠማል። ቀሪ ዕድሜ ለማስላት ደግሞ ያለፈውን ማወቅ ግድ ነው፤ ያ ፓኔል ስንት መኪና አሳልፏል፣ ምን ያህል የጫኑ? ፓኔሉ ላይ ታሪኩ ካልተጻፈ ስሌቱ ከየት ይጀምራል? ቁጥር ሰጥቶ መዝገብ መያዝ፣ ፓኔሉ በሄደበት ሁሉ መዝገቡ አብሮት እንዲሄድ ማድረግ ከአዲስ ድልድይ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። ሚዛን ጣቢያዎቻችንም የሚቆጠሩት ለአስፋልቱ ሲባል ነው፤ ለብረት ድልድይ ግን ከዚያ በላይ ናቸው። አንድ ሹፌር ሚዛኑን በሌሊት ዞሮ ሲያልፍ ከፊቱ ያለው ቤይሊ ላይ የሚያደርሰውን በሦስተኛ ደረጃ አባዙት።

ፍተሻው ራሱ ሲታይ የተራቀቀ ነገር አይደለም። ሰውየው በማንሻ ወይም በገመድ ከድልድዩ ስር ይወርዳል፤ የእጅ ባትሪውን ፊት ለፊት ሳይሆን ከጎን ያበራል፤ ስንጥቅ ጥላ የሚያወጣው መብራቱ ከጎን ሲመጣ ነውና። መጀመሪያ የሚፈልገው ከቀለሙ ስር የሚወርድ ቡናማ መስመር ነው። ስንጥቅ ሲከፈትና ሲዘጋ ውስጡ የተፈጨውን ዝገት እንደ ትንባሆ ዱቄት ይተፋል። ቀለሙን ይፍቃል፤ ቀይ ፈሳሽ ይቀባል፤ ጥቂት ቆይቶ ይጠርገዋል፤ ነጭ ዱቄት ይነፋበታል። ስንጥቅ ካለ ከነጩ ላይ ቀጭን ቀይ መስመር ቀስ ብሎ ይወጣል።

ከተገኘ በኋላ የሚደረገው አንዱ ጥገና ለሰሚው ግራ ያጋባል፤ የስንጥቁ ጫፍ ላይ በድሪል ቀዳዳ ይበሳል። ስለት የነበረው ጫፍ ክብ ይሆናል፣ ጉልበቱም አንድ ነጥብ ላይ መከማቸቱን ያቆማል። ጫፉን በትክክል ካገኙት ይሠራል። ሁለት ሚሊሜትር ከሳቱት ስንጥቁ ቀዳዳውን አልፎ መንገዱን ይቀጥላል። ስለዚህ ፈታሹ ከመሄዱ በፊት ጫፉ አጠገብ በማርከር አጭር መስመር ያሰምርና ቀኑን ይጽፍበታል። ከሁለት ዓመት በኋላ ሌላ ሰው እዚያው ወርዶ ባትሪውን ከጎን ያበራና ቀዩ መስመር ከማርከሩ ማለፍ አለማለፉን ያያል።